የልጅ ልጄ ሙዚቃ እስኪያልቅ

ሰው ስለ ልጅ ልጁ ሲጽፍ ማሞገስ የተለመደ ነው። እኔም አሞግሳት ነበር፣ ፋታ ብትሰጠኝ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው። ሥራዋ ፒያኖ መጫወትና ሙዚቃ መድረስ ነው። ጀምራ የጨረሰችው ነገር ግን በዚህ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሹራብ ጀምራ ትታለች። መንጃ ፈቃድ ጀምራ ትታለች። አንድ ደህና የጥርስ ሐኪም እጮኛ ነበራት፤ እሱንም ጀምራ ትታዋለች።

ስሟ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ብሎን ነው የሚላት። ፒያኖ ማለት ውስጡ ክሮች የተወጠሩበት ትልቅ ሣጥን ነው። ሌላው ሰው ከውጭ ሆኖ ቁልፎቹን ይነካል። የኔዋ ውስጡ ትገባለች። በክሮቹ መሃል ብሎን፣ ዳዶ፣ ላጲስ፣ የመጋረጃ ቀለበት ትሰካለች። ከዚያ ቁልፉን ስትመታው ፒያኖው አንዴ እንደ ደወል፣ አንዴ እንደ ባዶ ጣሳ፣ አንዴ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ይጮኻል። የዓሣ ማጥመጃ ሲባጎ በክሮቹ ሥር አሳልፋ ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው የሚወጣውን ድምፅማ ባልናገር ይሻላል። ከታች የሚኖረው ጡረተኛ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ «እትዬ፣ ቧንቧው ዛሬም አልተጠገነም?» ይለኛል። ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው።

ስትጀምር እንዲህ አልነበረም። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ስለምትውል ሕፃኗን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ወጥተው እሷ ቀረች። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ኋላ፣ አንድ አሮጌ ፒያኖ ላይ በሁለት ክንዷ ተኝታ አገኘኋት። ቤቱ ይንቀጠቀጣል።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?» አልኳት።

«አንዱን ብቻ ስነካው ሌሎቹ ይቀየማሉ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነበር ጆሮዋን ይዤ ወደ ስፌት ልወስዳት የሚገባኝ። እኔ ግን ሳቅሁና የፒያኖ መምህር ፈለግሁላት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንንም አልከስም።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ውድድር አሸነፈች። ያን ቀን የተጫወተችው ለእኔም ገብቶኛል፤ መጀመሪያ አለው፣ መሃል አለው፣ ሲያልቅ ይታወቃል፣ ሰውም ያጨበጭባል። እናቷ ዕንባዋን በመለኪያ ሜትሯ ጫፍ ጠረገች። እሰይ፣ ልጃችን ሰው ሆነች አልን። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ውስጥ ፒያኖ እንድትጫወት ቀጠራት። በሰባተኛው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ቁልፍ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ስትመታ ቆየችና አሰናበቷት። «ለምን?» ብላት «ሌሎቹ አያስፈልጉም ነበር» አለች። እናቷ ሁለት ቀን አላናገረቻትም፤ እኔ እንኳ ለግማሽ ቀን ያህል አኩርፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ የራሷን መድረስ ጀመረች። አንዱ ድርሰቷ ለፒያኖና ለሦስት የስፌት መኪናዎች ነበር። ልጄና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ መድረክ ላይ ተቀምጠው የትራስ ልብስ ሰፉ። ብሎን መሃል ላይ ስትደርስ እጇን ከቁልፎቹ አንስታ፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ከመጀመሪያው» አለች። እንደገና ጀመረች። እንደገና አቆመች። ሰፊዎቹ የቀረበላቸውን ጨርቅ ጨርሰው፣ ክራቸውን በጥሰው፣ ሰብስበው ወረዱ። አሥራ አንድ የትራስ ልብስ ተሰፍቷል፤ ሙዚቃው አላለቀም።

ሦስት ጊዜ ሰው ፊት ቀርባ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ አደረገች። ነገሩ ገብቶኛል፤ ሁለት ክፉ ጠባይ አላት። አንደኛው ችኮላ ነው፤ አንድ ድምፅ ሳይጨርስ ሌላውን ትጨምርበታለች። ሁለተኛው ደግሞ መቸኮሏን ማወቋ ነው፤ ባወቀች ቁጥር አፍርሳ ትጀምራለች። አንዱ ብቻ ቢሆንባት እኮ ይሄኔ የት በደረሰች!

እቤታችን ያለው ፒያኖ የኛ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ጀማሪዎችን የምታስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያዋሳት ነው። ፊቱ ተነቅሎ ሆዱ ተከፍቶ ሳሎናችን ውስጥ ቆሟል። ባለፈው ዓመት አዲስ ዳይሬክተር ተሾመ። የትምህርት ቤቱን ንብረት አንድ በአንድ ሲመረምር የኛው ፒያኖ ላይ ደረሰና ጠራት።

«የተዋሱት ለድርሰት ሥራ ነው ይላል ወረቀቱ» አላት። «የታለ ድርሰቱ?»

«እየሠራሁ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

በመጨረሻ እንዲህ ተባባሉ። ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ሥራ በሦስት ዳኞች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳታቋርጥ፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ትጫወታለች። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አዳራሹ የመዘምራን ልምምድ አለበት። ከጨረሰች ፒያኖው እኛው ዘንድ ይቆያል። ካልጨረሰች ተሸካሚዎች መጥተው ይወስዱታል። በትምህርት ቤቱ ያሉት ፒያኖዎች ከክፍል ሰዓት ውጪ ይቆለፋሉ፤ ሌላ ፒያኖ ደግሞ ከየትም አይመጣላትም። ይሄ ከሄደ ቀሪ ዕድሜዋን ለጀማሪ ጣት ስታስተካክል ልትኖር ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ስድስት ወር ሙሉ ሌሊትና ቀን ሳትለይ የሠራችው ለዚያ ነው። እኔም አውቃለሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ የመጋረጃ ቀለበቶቼ የት እንደሄዱ ያልጠየቅሁት ለዚያ ነው።

ድርሰቱ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ገጽ ስል ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የሚያክል ካርቶን ነው። ኖታ የሚባለው ጥቂት ነው፤ የቀረው መስመርና ጽሑፍ ነው። ይህን የሚገልጥላት ሰው ያስፈልጋታል። በትምህርት ቤቱ ቫዮሊን የምታስተምረው ጓደኛዋ ነበረች የምትገልጥላት፤ በልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ቀድማ ገለጠችና ተጣሉ።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤት መጥታ፣ «እማማ፣ አንቺ ትገልጪልኛለሽ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ገጹን።»

«ኖታ ማንበብ መች እችልና?»

«ኖታ አይደለም እኮ፣ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ እንዳንቺ የሚያነብ የለም።»

ይቺ ሽንገላ ናት። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው በዓይኑ ፈጥኖ የሚያልፈውን እኔ በጣቴ እሄድበታለሁ፤ አንድም ቃል አልዘልም። ኋላ ሳስበው ግን እሷ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ገጽ ሰባት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዝቅተኛው ክር ይመታል። ፔዳሉ አይለቀቅም። ድምፁ ፈጽሞ ሲጠፋ ገጽ ገላጯ ትገልጣለች። ተጫዋቿ እስከዚያ አትነቃነቅም።» ፔዳል ማለት ከሥር በእግሯ የምትረግጠው ነው፤ እስካልለቀቀችው ድምፁ አይታፈንም።

«መጥፋቱን ራስሽ ለምን አትወስኚም?» አልኳት።

«እኔ ሳይጠፋ ጠፋ እላለሁ። ከዚያ ስህተት መሆኑን አውቅና አቆማለሁ። ታውቂኛለሽ።»

ይህን ያህል ራሷን ታውቃለች ብዬ አልጠበቅሁም። አንጀቴን በላችው። ግን ዝም ብል ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት።

«ተረቱን ተይና ክርንሽን ከካርቶኑ ላይ አንሺ» አለች።

ልምምዱን አልረሳውም። ገጽ ገላጭ በተጫዋቹ ግራ ትቀመጣለች። ስትነሳ ወንበሯ አይንጫጫም። የላይኛውን ጫፍ በግራ እጇ ትይዛለች። አምባር የለም፣ ሽቶ የለም፣ ሳል የለም።

«ራስሽንም አትነቅንቂ» አለችኝ።

«መቼ ነቀነቅሁ?»

«አሁን። በራስሽ 'ወይ ጉድ' እያልሽ ነበር።»

እቤት ያለው ፒያኖ ትንፋሹ አጭር ነው። ገጽ ሰባት ላይ ያቺን ወፍራም ክር መታ ስታደርጋት እስከ ሃምሳ እቆጥራለሁ፤ ሃምሳ ሲሞላ ድምፁ የለም፤ እገልጣለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል ሠራነው፤ ሃያውንም ጊዜ በሰላም አለፍን። ሰዓቱንም ለካችው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሃያ ሦስት ደቂቃ።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ገባን። መድረኩ ላይ ያለው ፒያኖ ትልቁ ነው፤ በሬ የሚያክል፣ ክዳኑ እንደ ክንፍ የተከፈተ። ብሎን ሆዱ ውስጥ ገብታ ብሎኖቿን ስትሰካ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሁለት ባውዛዎች ከግራና ከቀኝ ያበሩብናል። ዳኞቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ዳይሬክተሩ፣ መዘምራኑን የምትመራው ሴትዮ፣ የትምህርት ቤቱን ፒያኖዎች ዕድሜውን ሙሉ ሲቃኝ የኖረው ሽማግሌ። ከኋላቸው ልጄ፣ ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች ከሥራ መጥታ። ጥቂት አስተማሪዎችም ነበሩ። ቫዮሊን አስተማሪዋ እጇን አጣጥፋ ጥግ ይዛለች። ዳይሬክተሩ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እስከ ገጽ ስድስት እንከን አልነበረውም። ልጅቷን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ዳዶ የገባባቸው ክሮች ሲንቃጨሉ፣ ሲባጎው ከሥር ሲያቃስት፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ይመልስ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። ገጽ ሰባት መጣ። ወፍራሙን ክር መታችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። እኔም መቁጠር ጀመርኩ።

ሃምሳ ሞላ። ድምፁ አለ። ትልቅ ፒያኖ ነው፣ ትንፋሹ ይረዝማል አልኩ። መቶ ሞላ። ቀጥኖ ቀጥኖ እንደ ክር ሆነ፤ ከዚያ ግን መቅጠኑን አቆመ። «እዝዝዝ» እያለ እዚያው ቆመ። ዝቅ አይል፣ ከፍ አይል። መቶ ሃምሳ። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ጽሑፉ ግን «ፈጽሞ» ነው የሚለው። ሊጠፋ ሲል አላለም፤ ሰው ሲሰለቸውም አላለም።

«እማማ» አለች ብሎን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«አልጠፋም» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጠፍቷል!»

«አንቺማ ትቸኩያለሽ። ራስሽ ነሽ ያልሽኝ።»

ሰዎች ሳቁ። ልጄ ካለችበት ሆና፣ «እማዬ፣ በሞቴ ግለጪላት!» አለች። የባሰው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ፔዳሉ ስላልተለቀቀ ክሮቹ በሙሉ ክፍት ናቸው፤ ሰው በተናገረና በሳቀ ቁጥር ፒያኖው መልሶ ያንን ድምፅ ያሰማል። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ጉሮሮው ከፒያኖው ሆድ ውስጥ ተጠራረገ። ያም እስኪጠፋ ልጠብቅ ነው። ያ ሲጠፋ ደግሞ «እዝዝ»ው አለ።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። ብሎን አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ገጽ ስምንትን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እጇን ዘርግታ ብትቀጥል የሚከለክላት አልነበረም። አልዘረጋችም። ያቺ ለድፍን ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ያቃታት ልጅ ፒያኖዋ ከእጇ ሲወሰድባት እያየች፣ የጻፈችውን ጠበቀች። ንዴቷ በላብ ይወርድ ነበር፤ ግን ጠበቀች።

እኔም አልቻልኩም፤ ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እየጮኸ ነው።»

«ምንም የሚጮኽ ነገር የለም እናቴ» አለ ዳይሬክተሩ። «ጆሮዎ ነው።»

«ጆሮዬ ደህና ነው። የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ነው።»

ፒያኖ ቃኚው ሽማግሌ ከተቀመጠበት ተነሳ። እግሩን እየጎተተ ወደ ግድግዳው ሄደና የግራውን ባውዛ ቀጭ አድርጎ አጠፋው።

ያን ጊዜ «እዝዝ»ው ዝም አለ። ሁሉም ሰው ምን ሲሰማ እንደቆየ የገባው ድምፁ ሲቀር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ክሮቹ የሽማግሌውን እርምጃ ጨርሰው እስኪተነፍሱ ቆየሁ፤ ከዚያ ተነሳሁና ገለጥኩ።

ሃያ ደቂቃ ከግማሽ ሆኗል። የቀሩት ሁለት ገጾች ሰባት ደቂቃ ይፈልጋሉ። ትሮጣለች ብዬ ፈራሁ። አልሮጠችም። በግማሽ ብርሃን ውስጥ ተጎንብሳ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታው ድረስ ሸኘችው። ገጽ ዘጠኝን እንደገለጥኩ ዳይሬክተሩ ተነሳ።

«ሃያ አምስት ሞልቷል» አለ። «አዝናለሁ።»

«ተቀመጥ ልጄ» አለው ቃኚው። «አራቱን ደቂቃ የበላው ባውዛህ ነው። እንደሚጮኽ ዓምና ጽፌ ሰጥቼሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ኳስ ጨዋታ መሰለዎት እንዴ፣ ጭማሪ ሰዓት የሚሰጠው?»

«ዳኛ አይደለን? እንጨምራለን!»

ድምፃቸው ከፍ አለ። በሩ ተከፍቶ የልምምድ ሰዓታቸው የደረሰ መዘምራን አንገታቸውን አስገቡ። እኔ ዓይኔን ከብሎን አልነቀልኩም። አሁን እጇን ታነሳለች፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ስህተት ነው» ትላለች ብዬ መተንፈስ ተውኩ። ከዚህ በፊት በር ስለተንኳኳ እንኳ አቁማ ታውቃለች። አላቆመችም። ሁለት ወንዶች ከጀርባዋ እየተጨቃጨቁ፣ ሲባጎውን ጎተተች፣ ቁልፉን ነካች፣ ሲባጎውን ጎተተች።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች መዘምራኑን የምትመራው ሴትዮ። «እያለቀ ነው።»

ዝም አሉ። አለቀ። ማለቁን ያወቀ ሰው ስላልነበረ እኔ ካርቶኖቹን ዘጋሁ፤ ያኔ አጨበጨቡ። ቫዮሊን አስተማሪዋ ሳትቀር።

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አሰረ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ግን ሰውየው ሐቀኛ ነው። «ሁለት ለአንድ ተሸንፌያለሁ» አለ። «ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ድርሰቱን ቢሮ አስገቢ። የተጠናቀቀ ሥራ ተብሎ ሲመዘገብ የፒያኖውን ወረቀት እፈርማለሁ።»

አሁን ሰው ይህን ሁሉ አልፎ ምን ይላል? አመሰግናለሁ ይላል። የኔዋ ታክሲ ውስጥ ስትቆጣኝ መጣች። ለምን ተናገርኩ፣ ለምን ዞርኩ፣ ለምን በራሴ ነቀነቅሁ። «የጻፍሽውን ነው የሠራሁት» አልኳት። «እሱን አውቃለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ትንሽ ቆይታ እጄን ያዘች። ጣቶቿ እሳት ነበሩ።

ይኸው አለቀልን ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ገጽ ሰባት ተዘርግቷል፤ እሷ ምላጭ ይዛ ቀለሙን ትፍቃለች።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«ላስተካክለው ነው። ትላንት ባውዛው ሲጠፋ የተሰማው ዝምታ ነው ትክክሉ። እኔ የጻፍኩት እሱን አይደለም። ሰባትን ከቀየርኩ ደግሞ ስምንት አይገጥምም፣ ዘጠኝም...»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ብዙ አይደለም። ሁለት ወር።»

ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት መሆኑን አስታወስኳት። «ይጠብቁኛ!» አለች። እንዲህ ስትል ጤነኛ ሰው እኮ ነው የምትመስለው። አልተከራከርኳትም፤ ከእሷ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። «እሺ፣ መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ» አልኳት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃው መውረድ ሲጀምር ዘጠኙንም ካርቶን ሰብስቤ፣ በልጄ የጨርቅ ጥብጣብ አስሬ፣ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ወረድኩ። ምላጩ ገጽ ሰባት ላይ የፋቀው የአንድ ቃል ጠርዝ ብቻ ነበር፤ ይነበባል።

አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ወንበር ያዝን፣ እኔና ካርቶኖቹ። «እማማ፣ የቤቱን በር ነቅለው ነው የመጡት?» አለኝ አንድ ቀልደኛ። «ቤቱን ትቼልሃለሁ፣ ሂድና ግባበት» አልኩት።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ካርቶኖቹን ስታይ ጠረጴዛዋን አጸዳች፤ ያም አልበቃም፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥናቸው። ቅጽ አወጣችና መጠየቅ ጀመረች። ርዕስ፤ ነገርኳት። የገጽ ብዛት፤ ነገርኳት። ስልኬ ጠራ። የልጅ ልጄ ናት። ተውኩት።

«ሥራው በሂደት ላይ ነው ወይስ ተጠናቋል?»

ስልኩ ቆመና እንደገና ጠራ።

«ተጠናቋል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት? ደራሲዋ አብራ የለችምና ነው።»

«ልጄ፣ ገጾቹን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ከዘጠኝ በኋላ ሌላ ገጽ የለም።»

ጸሐፊዋ ፈገግ አለችና ተጠናቋል የሚለውን ምልክት አደረገችበት፤ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። ያስረከበ ሰው እዚህ ጋ ሙሉ ስሙን ይጽፋል፣ ይፈርማል አለችኝ። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ጸሐፊዋ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። እኔ ስጽፍ አልቸኩልም፤ የስሜን የመጨረሻ ፊደል ጨርሼ ነው ስልኩን ያነሳሁት።